ኮልቺሲን፦ በራሱ ጥሩ፣ በአጃቢው የሚፈተን የሪህ መድኃኒት

ሪህ ሲነሳ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች መካከል እንደ ኮልቺሲን አጥብቆ የሚመሰገንም የሚወቀስም የለም ማለት ይቻላል። የሚያመሰግኑት ሕመሙ ገና ሲጀምር ወስደውት በማግስቱ እግራቸውን መሬት ማስረገጥ የቻሉ ሰዎች ናቸው፤ የሚወቅሱት ደግሞ በአብዛኛው ሌሊቱን በተቅማጥና በማስመለስ ሲሰቃዩ ያደሩ ናቸው። የሁለቱም ቃል እውነት ነው። መድኃኒቱ መሥራቱ ከተረጋገጠ ስለቆየ፣ በእኔ እምነት ጥቅሙንም ጉዳቱንም የሚወስነው በዚያው ቀን ወደ ሆድ የሚገባው ሌላው ነገር ነው፦ ሌላው መድኃኒት፣ ምግቡና መጠጡ። በዚህ ግምገማም የምመዝነው በዚሁ መለኪያ ነው።

እንክብሉ ትንሽ ነው። በአብዛኛው 0.5 ወይም 0.6 ሚሊ ግራም ሆኖ የሚዘጋጅ ሲሆን፣ ይህ መጠን አንድ የተለመደ የፓራሲታሞል እንክብል ከሚይዘው 500 ሚሊ ግራም ጋር ሲተያይ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ንጥረ ነገሩ የሚገኘው በመከር ወራት ከሚያብብ መርዛማ ተክል ነው፤ ፔሌቲየርና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ከተክሉ ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1820 ነበር። የተክሉ መርዛማነት የታሪክ ጌጥ ሆኖ የቀረ ነገር አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በደም ሥር የሚሰጠው ኮልቺሲን ሞት በማስከተሉ እ.ኤ.አ. በ2008 ከገበያ እንዲወጣ ያደረገ ሲሆን፣ የሚዋጠው እንክብል ለብቻው መደበኛ ፈቃድ ያገኘው ገና በ2009 ነው። ያን ያህል ዘመን ሲዋጥ የኖረ መድኃኒት መጠኑና አብሮት መወሰድ የሌለበት ነገር በቅጡ የተጻፈለት በቅርቡ መሆኑን ብዙ ተጠቃሚ አያውቅም።

ኮልቺሲን የሪህ መነሻ የሆነውን ዩሪክ አሲድን አይቀንስም፤ በተለመደው ትርጉምም የሕመም ማስታገሻ አይደለም። ለጥርስ ሕመም ወይም ለራስ ምታት ቢወስዱት ምንም አይፈይድም። በደም ውስጥ ያለው ዩሪክ አሲድ በዴሲ ሊትር ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ በመገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ መሰል ክሪስታሎች ይፈጠራሉ፤ ነጭ የደም ሕዋሳት እነዚህን ክሪስታሎች ለመዋጋት ሲጎርፉ የሚፈጠረው ብግነት ነው አውራ ጣትን የሚያቀላውና የሚያነደው። የመድኃኒቱ ሥራ እነዚህ ሕዋሳት ወደ ሥፍራው የሚጓዙበትን ውስጣዊ መዋቅር ማሰናከል ነው። ሕዋሳቱ ደርሰው ብግነቱን አንዴ ካቀጣጠሉት በኋላ ግን ኮልቺሲን ብዙ ሊመልሰው አይችልም። ስለዚህም በመጀመሪያዎቹ 12 ሰዓታት ውስጥ የወሰደው ሰውና በሦስተኛው ቀን የወሰደው ሰው ስለ አንድ መድኃኒት የተናገሩ እስከማይመስሉ ድረስ ምስክርነታቸው ይለያያል።

መጠኑን በተመለከተ ከድሮው ልማድ መላቀቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የነበረው ትእዛዝ ሕመሙ እስኪለቅ ወይም ተቅማጥ እስኪጀምር ድረስ በየሰዓቱ መዋጥ ነበር፤ በሌላ አነጋገር ሕመምተኛው መመረዝ ሲጀምር ያቆም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የንጽጽር ጥናት ይህን ልማድ ከሥሩ ነቀለው። በጠቅላላው 1.8 ሚሊ ግራም ብቻ የወሰዱት ሰዎች፣ ማለትም መጀመሪያ 1.2 ከዚያም ከአንድ ሰዓት በኋላ 0.6 ሚሊ ግራም የዋጡት፣ 4.8 ሚሊ ግራም በስድስት ሰዓት ውስጥ ከወሰዱት ባልተናነሰ ሁኔታ ተሽሏቸዋል። ተቅማጥ ያጋጠማቸው ግን በአነስተኛው መጠን ከመቶ 23 ያህሉ ሲሆኑ፣ በከፍተኛው መጠን ከመቶ 77 ያህሉ ነበሩ። ሰዎች በዚህ መድኃኒት ላይ የሚያሰሙት ምሬት ከግማሽ በላዩ ከድሮው አወሳሰድ የመጣ ይመስለኛል። በትክክለኛው መጠንና ሰዓት ሲወሰድ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው፣ ከ5 ነጥብ 4 እሰጠዋለሁ። የጎደለው አንዱ ነጥብ ከዚህ በታች ስለምዘረዝረው ጉዳይ ነው።

ኮልቺሲን ከሰውነት የሚወጣው በሁለት በር ነው። አንደኛው፣ ሲ ዋይ ፒ 3 ኤ 4 የሚባለው የጉበትና የአንጀት ኢንዛይም የሚያፈርሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል፣ መድኃኒቱን ከሕዋስ ወደ ውጭ እየገፋ በሐሞትና በሽንት እንዲወገድ የሚያደርግ ፕሮቲን ነው። ሌላ መድኃኒት ከሁለቱ በሮች አንዱን ከዘጋ ኮልቺሲን በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሁለቱንም ከዘጋ ደግሞ በሐኪም የታዘዘው ተገቢ መጠን ሳይጨመርበት መርዝ ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ከሚዘጉት መካከል በብዛት የሚታዘዘው ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ነው። ለመከላከያ በየቀኑ ኮልቺሲን የሚወስድ አንድ ሰው ደረቱን አሞት ወደ ሌላ ሐኪም ሄዶ ክላሪትሮማይሲን ቢታዘዝለትና ስለ ሪሁ ሳያነሳ ቢመለስ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቅማጥ፣ ከዚያም የጡንቻ መድከም፣ ከዚያም የመቅኒ መዳከም ሊከተለው ይችላል፤ በተለይም ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ይህ ጥምረት ሞት አስከትሏል። አዚትሮማይሲን የተባለው የዚያው ቤተሰብ አንቲባዮቲክ ግን ይህን ጠባይ የለውም። ስለዚህ ለሐኪሙ «ኮልቺሲን እወስዳለሁ» ማለት ብቻ ሕክምናውን ሊያስለውጥ ይችላል። ኬቶኮናዞልና ኢትራኮናዞል የተባሉት የፈንገስ መድኃኒቶች፣ ሪቶናቪር ያለባቸው የቫይረስ መድኃኒቶች፣ ንቅለ ተከላ ላደረጉ ሰዎች የሚሰጠው ሳይክሎስፖሪን፣ እንዲሁም ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዙት ቬራፓሚልና ዲልቲያዜም በዚሁ መዝገብ ውስጥ ይገኛሉ። ስታቲን የሚባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶችም ከኮልቺሲን ጋር ሲጣመሩ የጡንቻ ጉዳት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ አብረው ፈጽሞ አይወሰዱም ማለት ሳይሆን፣ ጭን ወይም ትከሻ ያለ ምክንያት ሲዝልና ሲያም ችላ ማለት አይገባም ማለት ነው።

ዋናው ቅሬታዬም እዚህ ላይ ነው። ከእንክብሉ ጋር የሚመጣውን የመረጃ ወረቀት አንድ ሰው ዘርግቶ ሲያነብበው፣ በደቃቅ ፊደል ከተደረደሩት ዓምዶች መካከል የክላሪትሮማይሲን ስም ከሌሎች በርካታ ስሞች ጋር በነጠላ ሰረዝ ተለይቶ፣ በአንድ ዓይነት የፊደል መጠን፣ በአንድ ዓይነት ድምፀት ተጽፎ ያገኘዋል። የሚገድለውና ሆድ የሚያጉረመርመው በአንድ መስመር ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ሪህ ያለበት ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል ወይም የኩላሊት ድካም የማያጣው በመሆኑ፣ ከዝርዝሩ ቢያንስ አንዱን መድኃኒት የመውሰዱ ዕድል ከፍ ያለ ነው። ወረቀቱ የተጻፈው ለሕግ ይመስላል፤ ሕመም ላይ ላለ አንባቢ አልተጻፈም።

ወደ ሕመም ማስታገሻዎች ስንመጣ ነገሩ ይሰፋል፤ ምክንያቱም ሪህ የያዘው ሰው ኮልቺሲኑ እስኪሠራ ድረስ እጁ የገባለትን ማስታገሻ መዋጡ አይቀርም። አይቡፕሮፌን፣ ናፕሮክሲን፣ ዳይክሎፌናክና ኢንዶሜታሲን ብግነትን የሚቀንሱ በመሆናቸው ለሪህ በራሳቸው በቂ ሕክምና ናቸው፤ ከኮልቺሲን ጋርም በቀጥታ አይጋጩም፣ ከባድ ሕመም ሲሆን ሐኪሞች ሁለቱን አጣምረው ያዛሉ። ችግሩ የሚመጣው በኩላሊት በኩል ነው። እነዚህ ማስታገሻዎች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ፣ ኩላሊቱ አስቀድሞ በደከመ ሰው ላይ ኮልቺሲን የሚወገድበት ፍጥነት ይቀንሳል፤ መድኃኒቱ ደግሞ በጤነኛ ሰውም ቢሆን ግማሹ ለመውጣት ከአንድ ቀን በላይ የሚፈልግ ነው። ሰውየው በተጨማሪ እንደ ኤናላፕሪል ያለ የግፊት መድኃኒትና ሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ፣ ሦስቱ ተደምረው ኩላሊቱን በድንገት ሊጥሉት ይችላሉ። በዚያ ላይ ኮልቺሲን ያመጣው ተቅማጥ ውኃውን ካሟጠጠው ጉዳዩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል።

አይቡፕሮፌንን ከምግብ ጋር መውሰድ ጨጓራን ሙሉ በሙሉ ይጠብቃል የሚለው ግምት ልክ አይደለም። ምግብ ማቃጠሉንና ማቅለሽለሹን ይቀንሳል፤ ቁስሉን የሚያመጣው ግን መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከገባ በኋላ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቁትን ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ስለሚያሳንስ ነው። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው እነዚህን ማስታገሻዎች ያለ ሐኪም ፈቃድ መንካት የለበትም። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶችም የሪህን ብግነት በደንብ የሚያበርዱ ቢሆኑም ከእነዚሁ ማስታገሻዎች ጋር ሲደረቡ የጨጓራ ቁስልን ያበዛሉ፤ የስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ስኳሩ ከፍ እንደሚል አውቆ መከታተል አለበት።

አስፕሪን ለየት ያለ ጠባይ አለው። በዝቅተኛ መጠን ሲወሰድ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን እንዳያስወጣ ስለሚያደርግ ለሪህ ሕመም ማስታገሻ እንዲሆን አይመረጥም። ይሁን እንጂ ለልብ ወይም ለአንጎል የደም ሥር ሕመም በሐኪም የታዘዘለት ሰው ሪህ አለብኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ የልብ ድካሙ ከጣት ሕመሙ ይብሳል፣ ዩሪክ አሲዱንም በሌላ መድኃኒት ማስተካከል ይቻላል። ይኸው ሰው አይቡፕሮፌን ሲጨምር ግን ሰዓቱን ማሰብ ይኖርበታል። አይቡፕሮፌን ቀድሞ ከገባ አስፕሪኑ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግበትን ቦታ ስለሚይዝበት፣ ሽፋን የሌለውን አስፕሪን ቀድሞ ውጦ ቢያንስ ከ30 ደቂቃ በኋላ አይቡፕሮፌኑን መውሰድ፣ ወይም አይቡፕሮፌኑን ከአስፕሪኑ ከ8 ሰዓት በላይ ማስቀደም ይመከራል።

ፓራሲታሞል ከሁሉም ጨዋው ነው፦ ከኮልቺሲን ጋር አይጣላም፣ ጨጓራንም አይነካም። ብግነቱን ግን እምብዛም አይቀንስም፤ ስለዚህ ለሪህ ረዳት እንጂ ዋና አይሆንም። የአዋቂ ከፍተኛው የቀን መጠን 4 ግራም ሲሆን፣ በጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ተደብቆ ስለሚገኝ ሳይታወቅ በእጥፍ የሚዋጥ እሱ ነው።

አንድ ሰው በኮልቺሲን ረክቶ የዕለት ተዕለቱን ሕክምና ችላ እንዲል አልፈልግም። ክሪስታሎቹን ከሥራቸው የሚያሟሟው እንደ አሎፑሪኖል ያለ ዩሪክ አሲድን የሚቀንስ መድኃኒት ነው፤ ግቡም በዴሲ ሊትር ከ6 ሚሊ ግራም በታች ማድረስ ነው። አሎፑሪኖልን የሠሩት ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ ሲሆኑ፣ በመድኃኒት ግኝት ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማትን ከጄምስ ብላክ ጋር ተካፍለዋል። መድኃኒቱ በቀን ከ100 ሚሊ ግራም ባልበለጠ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ከምግብ በኋላ በብዙ ውኃ ቢወሰድ ለሆድ ይስማማል። ብዙ ሰው የሚሸሸው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሪሁ ስለሚነሳበት ነው፤ ይህ የሚሆነው የቆዩት ክሪስታሎች መሟሟት ሲጀምሩ ስለሚረበሹ እንጂ መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ አይደለም። አነስተኛ ኮልቺሲን ለ3 እስከ 6 ወራት አብሮ የሚታዘዘው ለዚሁ ሲባል ነው፤ ከላይ የዘረዘርኋቸው ጥንቃቄዎች ሁሉ ታዲያ ለእነዚያ ወራት በሙሉ ይሠራሉ። አሎፑሪኖል የሚወስድ ሰው ሕመሙ ሲነሳበት ማቋረጥ የለበትም፤ በቆዳው ላይ ሽፍታ ሲወጣ ግን ወዲያውኑ አቁሞ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ከአጃቢ ጋር በመስማማት ረገድ አሎፑሪኖል ከኮልቺሲን ይሻላል፤ አንድ ከባድ ጠላት ግን አለው። እሱም አዛቲዮፕሪንና መርካፕቶፑሪን የተባሉት የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ናቸው፤ አሎፑሪኖል የሚያግደው ኢንዛይም እነዚህን የሚያፈርሰው ስለሆነ፣ መጠናቸው ወደ አንድ ሦስተኛ ወይም አንድ አራተኛ ካልወረደ መቅኒን ያወድማሉ። ፌቡክሶስታት የተባለው ተቀናቃኙ ከእነዚህ ጋር ጨርሶ የተከለከለ ሲሆን፣ ከእ.ኤ.አ. 2019 ጀምሮ የልብ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል። ዩሪክ አሲድን በኩላሊት በኩል የሚያስወጣው ፕሮቤኔሲድ ደግሞ በአስፕሪን ይከሽፋል።

አልኮል ከኮልቺሲን ጋር ሲገናኝ እንደ ክላሪትሮማይሲን ያለ ፈጣን አደጋ አያመጣም። ይህን በግልጽ የምናገረው «አንድ ብርጭቆ ከጠጣህ ትሞታለህ» የሚለው ማስፈራሪያ ሰውን መድኃኒቱን እንጂ መጠጡን ሲያስተወው ስለሚታይ ነው፤ ቅዳሜ ለመጠጣት ሲል ዓርብ መድኃኒቱን የሚዘል ሰው ሁለት ጊዜ ይከስራል። አልኮል በጉበት ሲፈርስ ፑሪን የተባለው፣ ሲፈርስ ዩሪክ አሲድ የሚሆነው ንጥረ ነገር መፈራረሱን ያፋጥናል፤ ላክቴት የተባለው ንጥረ ነገርም ስለሚበዛ ኩላሊት ዩሪክ አሲድን ይዞ ያስቀራል፤ ሽንት በማብዛትም ሰውነትን ያደርቃል። ቢራ ከዚህ ሁሉ በላይ የራሱን ፑሪን ይዞ ስለሚመጣ ከመጠጦች ሁሉ ለሪህ የከፋው እሱ ነው፤ አልኮል የሌለው ቢራም ከፑሪን ነጻ አይደለም። ወይን ቀለል ቢልም ከነቀፋ አያመልጥም። መጠጡ በግልጽ አደገኛ የሚሆነው ከማስታገሻዎቹ ጋር ነው። ከአይቡፕሮፌንና ከቤተሰቦቹ ጋር የጨጓራ መድማትን ያባብሳል፤ በየቀኑ ሦስትና ከዚያ በላይ መጠጥ የሚወስድ ሰው በአሜሪካ ማሸጊያዎቹ ላይ በተለይ ተጠቅሶ ይጠነቀቅ ይባላል። አዘውትሮ ለሚጠጣ ሰው ፓራሲታሞልም ጨዋነቱን ይተዋል፤ ጉበትን የሚጎዳው መርዛማ ውልድ ስለሚበዛ፣ የቀኑ ጣሪያ ለእሱ ዝቅ ማለት አለበት።

ስለ ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ኮልቺሲን በባዶ ሆድም ሆነ ከምግብ በኋላ ሊወሰድ ይችላል። የሚከለከለው የግሬፕፍሩት ጭማቂ ነው፤ የአንጀትን ኢንዛይም ለአንድ ቀንና ከዚያም በላይ ስለሚያዳክም ጠዋት ጠጥቶ ማታ መድኃኒቱን መዋጥ መፍትሔ አይሆንም። ጉበት፣ ኩላሊት፣ ሰርዲንና ብዙ ቀይ ሥጋ ዩሪክ አሲድን ይጨምራሉ፤ በፍሩክቶስ የተጣፈጡ ለስላሳ መጠጦችም እንዲሁ፣ ምንም እንኳ ፑሪን ባይኖራቸውም። ፑሪን ያላቸው አትክልቶች ግን የሪህን ዕድል እንደማይጨምሩ ታይቷል፤ ቅባቱ የወጣለት ወተት ደግሞ ይቀንሰዋል። ምግብን መምረጥ ጥሩ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ዩሪክ አሲድ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ስለሆነ በምግብ ብቻ ወደ ግቡ የሚደርሰው ሰው ጥቂት ነው።

ኮልቺሲንን የምመክረው ሕመሙን ቶሎ ለይቶ ለሚያውቅ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ለተከለከሉበት፣ የሚወስዳቸውንም መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለፋርማሲስት ለማሳየት ለማይሰንፍ ሰው ነው። የኩላሊት ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪም ውጭ ከማንም መቀበል የለበትም፤ ከላይ ከተጠቀሱት በር ዘጊ መድኃኒቶች አንዱን የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ኮልቺሲን ለእሱ አልተፈቀደም። ተቅማጥና ማስመለስ ከጀመሩ ሕመሙ ባይለቅም መድኃኒቱን ማቆም ይገባል። ፍቱን ማርከሻ የለውም፤ ከመጠን በላይ ከተወሰደ በኩላሊት እጥበትም ከደም አይወጣም። የመመረዝ ምልክቱ ከተዋጠ በኋላ ሰዓታት ቆይቶ የሚታይ በመሆኑ፣ ሕፃን ልጅ አንድ ሁለት እንክብል ውጦ ደኅና ሲጫወት ቢታይ እንኳ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያውኑ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ ማሸጊያውም አብሮ ይያዝ፣ ሐኪሙ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ሚሊ ግራም እንደገባ ነውና።